ፈረስ መጋላ፦ ከፈረስ ገበያ እስከ ፔጆ ታክሲ

ፈረስ መጋላ በሐረር ጀጎል ግንብ ውስጥ የሚገኝ ዋና አደባባይ ነው። ስያሜውን ያገኘው ከፈረስ ገበያነቱ ነው። ግንቡ በ16ኛው መቶ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን ሲገነባ አምስቱ ጥንታዊ በሮች የተሠሩት እግረኛና የጭነት እንስሳ እንዲያሳልፉ ነበር። ከዘይላ ወደብ የሚመጣው ሸቀጥም በግመልና በበቅሎ ይጓጓዝ ነበር።

ይህን ሥርዓት የለወጠው የባቡር ሐዲድ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ሲደርስ፣ ተራራው ስለከበደው ሐረርን ወደ ጎን ትቶ አለፈ። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር፣ ሐረር ደግሞ 1,900 ሜትር ያህል ከባሕር ጠለል በላይ ይገኛሉ። ስለዚህ ሁለቱን ከተሞች የማገናኘቱ ሥራ በደንገጎ ዳገት፣ በሐረማያና በአወዳይ አድርጎ ለሚያልፈው መንገድ ተረፈ። መኪና ወደ ጀጎል በዋናነት የሚገባውም በምዕራብ ባለው ሰፊ በር ሲሆን፣ ከዚያ የሚነሣው ቀጥተኛ ጎዳና ፈረስ መጋላ ላይ ያበቃል። የፈረሱን ቦታ ታክሲ የያዘው በዚህ ምክንያት ነው።

የአደባባዩ መለያ የሆነው መኪና ፔጆ 404 ነው። የፈረንሳዩ ፔጆ ኩባንያ ይህን ሞዴል እ.ኤ.አ. በ1960 ለገበያ አቀረበ፤ ቤት መኪናውን በፈረንሳይ ማምረትም በ1975 አቆመ። በምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ውድድር በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 ማሸነፉ ለአስቸጋሪ መንገድ የሚሆን መሆኑን አሳይቷል።

የመኪናው ልዩ ነገር የኋላ አክስሉ ነው። ዲፈረንሻሉ እንደ ብዙዎቹ መኪኖች በተለመደው ማርሽ ሳይሆን፣ የነሐስ ጥርሳማ መንኮራኩር በሚነዳ ጠመዝማዛ ዘንግ ይሠራል። ድምፁ ዝቅተኛ ነው፤ ነገር ግን ተስማሚ ዘይት ካላገኘ ነሐሱ ይበላል። ኃይል አስተላላፊው ዘንግ በቱቦ ተሸፍኖ ከአክስሉ ጋር ስለተያያዘ፣ ችግሩ ዲፈረንሻሉ ላይ ሲሆን ሁሉም አንድ ላይ ይወርዳል። መካኒኩ መጀመሪያ አካሉን በጠንካራ ድጋፍ ላይ ያሳርፋል፤ የፍሬን ቧንቧውንና የእጅ ፍሬን ገመዱን ይፈታል፤ አሞርቲዛተሩንና ሞላውን ያወጣል፤ ቱቦውን ከካምቢዮው ለይቶ አክስሉን ወደ ኋላ ይጎትታል። አዲሱን ከገጠመ በኋላ ዘይት ይሞላል፤ ከፍሬኑ መስመርም አየር ያስወጣል።

ፋብሪካው ማምረት ካቆመ በኋላ እንዲህ ያለ አክስል የሚገኘው በአብዛኛው ከቆመ ሌላ ፔጆ ነው። ኩሽኔታና ጎሚኒ ከሌላ ሞዴል ተመሳስሎ ሊገጠም ይችላል፤ የነሐሱ መንኮራኩር ግን እንዲህ በቀላሉ አይተካም። ስለዚህ አንድ መኪና ሲሞት ሌላው በክፍሎቹ ይኖራል፤ የፔጆዎቹም ቁጥር በየጊዜው ይቀንሳል። ዛሬ በከተማዋ አብዛኛውን አጭር ጉዞ ባጃጅ ይዞታል። የፈረስ መጋላ ፔጆዎች በአምራቻቸው ከተተዉ በኋላ ለአሥርት ዓመታት መሥራታቸው ግን ከፋብሪካው ይልቅ የጥገና ሙያው ውጤት ነው።