ከየትኛው እትም ወዲህ? የፕሮግራም ኮድን ዘመን ስለ መለየት



የዛሬውን ንግግሬን ከራሴ ስሕተት እጀምራለሁ። ለዶክትሬት ጥናቴ፣ በጋዜጣ አማርኛ ውስጥ ረጃጅም ቃላት ምን ያህል እንደሚበዙ የሚቆጥር አነስተኛ ፕሮግራም በፓይተን ቋንቋ ጽፌ ነበር። «ረጅም» ያልሁት ከ10 ፊደል የሚበልጠውን ቃል ነው። ከብዙ ዓመታት በኋላ አንዲት የማስተርስ ተማሪዬ ያንኑ ፕሮግራም በዚያው የጋዜጣ ጽሑፍ ላይ ስታስኬደው፣ የረጃጅሞቹ ቃላት ብዛት በእጅጉ ቀነሰ። ፕሮግራሙ ያለ እንከን ሠርቷል፤ አንድም የስሕተት መልእክት አላወጣም። «ዶክተር፣ ይህ ኮድ የተጻፈው ለየትኛው የፓይተን እትም ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። አላስታወስሁም፤ በኮዱም ላይ አልጻፍሁትም ነበር።

የዛሬው ጥያቄያችን ከዚህ ይነሣል። ጸሐፊው ዝም ካለ፣ ኮዱ ራሱ ስለ ዘመኑ ምን ይነግረናል?

ጥያቄው ለታሪክ ተመራማሪ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1440 ሎሬንዞ ቫላ የተባለው ጣሊያናዊ ምሁር፣ ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ የምዕራቡን ግዛት ለሮማው ጳጳስ ሰጠበት ይባል የነበረው ሰነድ ሐሰተኛ መሆኑን አሳየ። ከማስረጃዎቹ አንዱ የሰነዱ ቋንቋ ነበር። ሰነዱ የሮማን ሹማምንት «ሳትራፕ» እያለ ይጠራል፤ በቆስጠንጢኖስ ዘመን የነበረ ሮማዊ ጸሐፊ ግን የራሱን ሹማምንት በዚህ ስም አይጠራም። መርሁ ቀላል ነው፤ አንድ ጽሑፍ በውስጡ ከሚገኘው ከሁሉ አዲስ ቃል ሊቀድም አይችልም። የብራና መጻሕፍቶቻችንን የሚያጠኑ ሊቃውንትም፣ በጽሑፉ ውስጥ የንጉሥ ስም ሲያገኙ «ከዚህ ንጉሥ ወዲህ ነው» የሚሉት በዚሁ መርህ ተመርተው ነው።

የፕሮግራም ቋንቋዎችም ዘመን አላቸው። ፎርትራን እ.ኤ.አ. በ1957 ከአይ.ቢ.ኤም. ሲወጣ ቋንቋው ማለት ኮምፓይለሩ ማለት ነበር። ልዩ ልዩ አምራቾች የየራሳቸውን ፎርትራን ማዘጋጀት ሲጀምሩ ግን አንድ ወጥ ድንጋጌ አስፈለገ፤ በ1966 የአሜሪካ ስታንዳርድ ተደነገገለት፤ ቀጥሎም ፎርትራን 77 መጣ። ሁኔታን ፈትኖ ብዙ መስመሮችን በ«ኢፍ» እና በ«ኤልስ» የሚከፍለው አገባብ ወደ ስታንዳርዱ የገባው በዚህ በ77ቱ ነው። ስለዚህ ይህን አገባብ የያዘ ኮድ፣ የ66ቱን ድንጋጌ ብቻ በሚያውቅ ኮምፓይለር አያልፍም። ያ አገባብ ለእኛ የቫላ «ሳትራፕ» ነው።

በፓይተን ምልክቶቹ ይበልጥ የተቀራረቡ ናቸው። ፋይል ከፍቶ በራሱ ለመዝጋት የሚያገለግለው «ዊዝ» የተሰኘ አገባብ ያለ ልዩ ፈቃድ መሥራት የጀመረው በ2008 በወጣው በ2.6 እትም ነው። በጽሑፍ መካከል ዋጋ የሚያስገባው «ኤፍ-ስትሪንግ» በ2016 ከ3.6 ጋር፣ «ዋልረስ» የሚባለው ምልክት በ2019 ከ3.8 ጋር፣ «ማች» የተባለው የማዛመጃ አገባብ በ2021 ከ3.10 ጋር ገቡ። ላይብረሪዎችም እንዲሁ የልደት ዘመን አላቸው፤ «ፓትሊብ» የ3.4፣ «ቶምሊብ» የ3.11 ነው።

ዝቅተኛውን እትም የሚለዩ መሣሪያዎች አሠራር እንግዲህ ይህ ነው። ኮዱን እንደ ተራ ጽሑፍ ሳይሆን ሰዋስውን ተከትለው እንደ ዛፍ ይዘረጉታል። በየቅርንጫፉ ያለው አገባብና ላይብረሪ ከየትኛው እትም ወዲህ እንደሚሠራ ከመዝገብ ይመለከታሉ። በመጨረሻም ከእነዚያ ዝቅተኛ እትሞች ሁሉ ከፍተኛውን ይወስዳሉ። አንድ ፋይል ዘጠኝ የ2.6 ምልክቶችና አንድ የ3.8 ምልክት ቢኖረው መልሱ 3.8 ነው።

ቃል ፍለጋ ብቻ ለምን አይበቃም? «ማች» ከ3.10 በፊት በተጻፈ ኮድም እንደ ተራ ስም ያገለግል ነበር፤ ዛሬም ያገለግላል። ስም መሆኑን ወይም አገባብ መሆኑን የሚለየው ቦታው ነው። ሌላም ወጥመድ አለ። ጠንቃቃ ጸሐፊ አስቀድሞ «ቶምሊብን» ይሞክራል፤ ካላገኘው ሌላ አሮጌ ላይብረሪ ይጠራል። መሣሪያው ይህን አማራጭ ካላስተዋለ ኮዱን 3.11 ይጠይቃል ብሎ ይፈርድበታል፤ ኮዱ ግን በአሮጌው እትም ላይ በደኅና ይሠራል።

ወደ ተማሪዬ ልመለስ። ኮዴን መረመረች፤ «ዊዝ»ን አገኘች። ከዚህ በመነሣት ፕሮግራሙ ከ2.6 አይቀድምም አለች፤ ልክ ነበረች። ይሁን እንጂ «ዊዝ» በ3.0ም አለ። በኮዱ ውስጥ ሁለቱን የሚለይ ሌላ አንድም ምልክት አልነበረም። ምሥጢሩ የተደበቀው በሁለቱ መካከል ነበር።

በ2008 የወጣው ፓይተን 3 ከ2 ጋር ሆን ብሎ ተለያየ። አንዳንዱ ለውጥ ይጮኻል፤ አሮጌው ኮድ ወዲያው ይቆማል። አንዳንዱ ግን ዝም ይላል። 7ን ለ2 ማካፈል በፓይተን 2 «3»፣ በፓይተን 3 «3.5» ይሰጣል፤ የኮዱ ጽሑፍ በአንዲት ነጥብ እንኳ አይለወጥም። ለእኛ ከሁሉ የከፋው ደግሞ የፊደል ጉዳይ ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ተካትቷል፤ ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ፓይተን 2 ከፋይል ያነበበውን ጽሑፍ በባይት ይቆጥራል፤ ፓይተን 3 ግን ጽሑፉን ፈትቶ በፊደል ይቆጥራል። ስለዚህ «ሰላም» ለአንዱ 9፣ ለሌላው 3 ነው።

አሁን የእኔን መለኪያ አስታውሱ፤ ከ10 የሚበልጥ። አራት ፊደል ያለው ቃል ሁሉ በፓይተን 2 ቆጠራ 12 ስለሚሆን ረጅም ተባለ። «ኢትዮጵያ» የሚለው ባለ አምስት ፊደል ቃል እንኳ 15 ተቆጥሮ ከረጃጅሞቹ ጋር ተሰለፈ። እኔም በዚያ ሠንጠረዥ ላይ ቆሜ ስለ ጋዜጣ አማርኛ ረዘም ያለ ምዕራፍ ጻፍሁ፤ ፈታኞቼም አለፉት። ስሕተቱ የተገለጠው በአዲሱ እትም ላይ ኮዱ ስላልቆመ ነው። ቆሞ ቢሆን ኖሮ ተማሪዬ ጠግናው አዲሱን ውጤት ታምነው ነበር፤ የቀድሞውን ከአዲሱ የሚያስተያይም ባልተገኘ ነበር።

ከዚህ የምወስደው ትምህርት ይህ ነው። ከኮዱ የምናወጣው ዝቅተኛ እትም፣ ፕሮግራሙ ከየት ወዲህ ሊነሣ እንደሚችል ይነግረናል፤ ጸሐፊው ያየውን ውጤት ዳግም እንደሚሰጠን ግን አያረጋግጥም። የመጀመሪያው ሰዋስውን በመመርመር ይገኛል፤ ሁለተኛው ግን የጸሐፊውን ምስክርነት ይጠይቃል። ፓይተን 2 እ.ኤ.አ. ከ2020 መግቢያ ጀምሮ ድጋፉ ተቋርጧል፤ በእርሱ የተሠሩ ጥናቶች ግን ዛሬም በመደርደሪያዎቻችን ላይ ናቸው፤ ይጠቀሳሉም።

የቀደሙ ጸሐፍቶቻችን ብዙዎቹ መጽሐፉን ሲፈጽሙ በማን ዘመነ መንግሥት፣ ለማን እንደጻፉት በመጨረሻው ገጽ ያኖሩ ነበር። የዛሬው ፕሮግራመርም ቦታ አለው። ፓይተን ዝቅተኛው እትም የሚታወጅበት መስክ በፓኬጅ መግለጫ ውስጥ አስቀምጧል፤ ጎ የተባለው ቋንቋም በ2023 ከወጣው ከ1.21 ጀምሮ በሞጁል ፋይሉ የተጻፈውን እትም እንደ ግዴታ ያስከብራል። ለጥናት ግን ዝቅተኛውን ማወጅ ብቻውን አይበቃም፤ ውጤቱ በእርግጥ የተገኘበት እትም፣ ላይብረሪዎቹና የፊደል አጻጻፉ አብረው ሊመዘገቡ ይገባል።

ሠንጠረዡን አርሜ፣ ከምዕራፉ መደምደሚያ የማይቆመውን ለይቼ፣ ማረሚያውን ለቤተ መጻሕፍቱ አስረክቤአለሁ። በማረሚያው የመጀመሪያ ገጽ ላይ የተማሪዬ ጥያቄ ቃል በቃል ሰፍሯል፤ መልሱም ከሥሩ ተጽፏል። እናንተም ዛሬ ማታ ወደ ኮዳችሁ ስትመለሱ ያንኑ ጥያቄ እንድትጠይቁት አደራ እላለሁ።