ተግባቢዎቹን የዘለለ ምርመራ

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ከአሜሪካ ተመልሰው የውበት ሙያ ትምህርት ቤት የከፈቱ ሴት ነበሩ። ለኦቲስቲክ ልጃቸው ቦታ ቢያጡ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ።

ከዚያ ወዲህ ኦቲዝም ሲባል ለብዙው ከተሜ ቀድሞ የሚታየው አፉን ያልፈታ ልጅ ነው። የሚገርመው፣ የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 ኦቲዝም እንዳለባቸው ከገለጿቸው 11 ሕፃናት 8ቱ ይናገሩ ነበር!

ኮልፌ ቀራኒዮ ውስጥ ጎረቤት ጠርታ ቡና የምታፈላ፣ ሰላምታ የማታጓድል ኦቲስቲክ ወጣትስ? ወጉን እንደ ትምህርት አጥንታው ይሆናል፤ እንግዳ ከተሸኘ በኋላ ያለውን ድካም የሚያይላት የለም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው የምርመራ መመሪያ ምልክቶች በተማሩት ስልት ሊሸፈኑ እንደሚችሉ፣ ያለፈ ታሪክም እንደሚቆጠር ይገልጻል።

እንግዲህ "አንቺማ ተጫዋች ነሽ" ብሎ ማሰናበት ምርመራ አይባልም፤ ሐኪሙ እናቷን ስለ ልጅነቷ ይጠይቅ።