ጨረታው ይቅር፣ መዝገቡ ግን አይቅር

ከጎንደር ተነስታችሁ ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ብትጓዙ፣ አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፋችሁ ደባርቅ ትገባላችሁ። ከደባርቅ ወዲያ ደጋው ያበቃል፤ መንገዱ የሊማሊሞን ገደል እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ ይወርዳል። በዚህ መንገድ ያላለፈ የለም፤ ነጋዴው፣ መነኩሴው፣ ንጉሡ፣ ጣሊያኑ፣ የእርዳታ መኪናው፣ ታንኩ። ያለፈው ሁሉ ደግሞ ከመንገድ ዳር ገበሬ አንድ ነገር ጠይቋል፤ የሚበላ።

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ሲሰሙት ደረቅ ነው፤ የመንግሥት ግዥ። በተለይም አደጋ ሲመጣ መንግሥት ያለ ጨረታ እንዲገዛ የሚፈቅደው ሕግ። ግን ታገሱኝ። የሰሜን ተራሮች ግርጌ ሰው ይህን ጉዳይ «የግዥ ባለሙያ» የሚባል ሥራ ከመፈጠሩ በፊት ያውቀዋል። ሂሳቡን ሲከፍል የኖረው እሱ ነውና።

ከጨረታም ከክፍያም ነፃ

በነገሥታቱ ዘመን የመንግሥት «የአስቸኳይ ግዥ» ሁለት ስም ነበረው። አንደኛው ድርጎ ነው። ንጉሡ ወይም ገዥው የላከው እንግዳ በደረሰበት መንደር ሁሉ እንጀራው፣ ማሩ፣ በጉ፣ ጠላው ከባላገሩ ይቀርብለታል። ሁለተኛው ተሰሪ ነው። ወታደር በገበሬ ቤት ይመራል፤ ገበሬው ያበላዋል፣ ፈረሱን ወይም በቅሎውንም ይቀልባል።

በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤና ደጃዝማች ካሣ በሰሜን ምድር፣ በደረስጌ ሲገጥሙ፣ ሁለቱም ሠራዊት የበላው ከዚያው አገር ነው። ካሣ አሸንፈው በደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ታሪክ ዘውዱን መዝግቧል። ያን ሰሞን የስንቱ ጎተራ እንደተገለበጠ ግን የመዘገበ የለም። ግዥው ከጨረታ ነፃ ነበር፤ ከክፍያም ነፃ ነበር፤ ከመዝገብም ነፃ ነበር።

ከዚያ ክፉ ቀን መጣ። በጥር 1880 ዓ.ም. ጎንደር በደርቡሽ ተቃጠለች። በዚያው ዘመን በምጽዋ በኩል የገባው የደስታ በሽታ የአገሩን ከብት ፈጀው። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ ድርቁና አንበጣው ተጨመረበት። ረሃቡ እስከ 1884 ዓ.ም. ዘለቀ። በሬ የሌለው ገበሬ ራሱን መመገብ ባቃተው ጊዜ እንኳን ተሰሪው ራቱን ይጠብቅ ነበር።

አፄ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. አካባቢ አሥራትን ያወጁት በዚህ ትምህርት ላይ ቆመው ነው። ገበሬው ከምርቱ ከአሥር አንድ ይስጥ፣ እህሉ በመንግሥት ጎተራ ይግባ፣ ወታደሩ ከጎተራው ይቀለብ፣ ከገበሬው ቤት ይውጣ የሚል ነበር ሐሳቡ። በአፈጻጸም ብዙ ጎድሏል፤ ተሰሪም በአንድ አዋጅ አልጠፋም። ሐሳቡ ግን ትልቅ ነው። አስቀድሞ የታወቀ መጠን፣ አስቀድሞ የተከማቸ እህል፣ በመዝገብ የገባና የወጣ። የአደጋ ጊዜ ግዥ ጥበብ ዛሬም ከዚህ ብዙ አልራቀም።

ወልቅፊት፦ መንገድ ያለው፣ ጎተራ የሌለው

ጣሊያን ሊማሊሞን በመኪና መንገድ ፈልፍሎ የከፈተው ለእኛ ብሎ አይደለም። ጦሩን ለመቀለብና ጎንደርን ለመያዝ ነው። ነገሩ ተገላብጦ መንገዱ ራሱን አላዳነውም። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ፣ ከደባርቅ አጠገብ በወልቅፊት የመሸገው የጣሊያን ጦር ገና እጁን አልሰጠም ነበር። አርበኞችና እንግሊዞች ከበቡት። ገደሉ ምሽግ ሆነለት፤ ወራትም ቆየ። በመጨረሻ የጨረሰው ግን ከጥይቱ ይልቅ ስንቁ ነበር። በመስከረም 1934 ዓ.ም. ኮሎኔል ጎኔላ ከ3,000 ያህል ጦሩ ጋር እጁን ሰጠ።

አምባ ያለው ሁሉ አይመካም። መንገድ ያለው ሁሉም አይመካም። ወሳኙ ችግሩ ከመምጣቱ በፊት ምን ተቀምጧል የሚለው ነው።

ኮታና መጠባበቂያ

የ1966ቱ የወሎ ረሃብ መንግሥት ገለበጠ፤ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽንም በዚያው ዓመት ተቋቋመ። ብዙም ሳይቆይ ደርግ እህልን በመንግሥት ኮርፖሬሽን በኩል በተቆረጠ ዋጋ መሰብሰብ ጀመረ። ኮታ ማለት ነው። ኮታ በወረቀት ላይ «ግዥ» ነው፤ ሚዛን አለው፣ ደረሰኝ አለው፣ ዋጋ አለው። ዋጋው ግን የገበያው አልነበረም። ኮታውን ለመሙላት ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ ያስረከበ ገበሬ በየክፍለ ሀገሩ ነበር። የመጣው የ1977ቱ ረሃብ ያገኘው እንዲህ ጎተራው የሳሳውን ገበሬ ነው። በ1982 ዓ.ም. ኮታው ሲቀር ያዘነለት ገበሬ አልነበረም።

ስለዚህ ደረሰኝ ብቻውን በቂ አይደለም። ደረሰኙ ላይ ያለው ዋጋ እውነተኛ መሆን አለበት።

በዚያው ዘመን፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ ብዙ ያልተወራለት አንድ ጥሩ ነገር ተጀመረ፤ የመጠባበቂያ እህል ክምችት። አሠራሩ ቀላል ነው። አደጋ ሲደርስ የእርዳታ ድርጅቱ ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ከመጋዘኑ እህል ይበደራል፤ ለመመለስም ዋስትና ያቀርባል። ሰው በልቶ ሳለ ግዥው በጎን በሥርዓቱ ይካሄዳል፤ ስንዴው ሲገባ ብድሩ ይመለሳል። ከመጋዘኖቹ አንዱ ወረታ ነው፤ ለጎንደርና ለሰሜን የሚቀርበው እሱ ነው።

የዚህን ብልሃት ልብ በሉልኝ። ክርክሩ ሁልጊዜ «ፍጥነት ወይስ ሥርዓት» ይባላል። ክምችት ካለ ግን ሁለቱም አይጣሉም። ጨረታው ጊዜውን ይወስዳል፤ የተራበው ግን ጨረታ አይጠብቅም። በ2008 ዓ.ም. 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ ሲፈልግ፣ መንግሥት ስንዴ በብዙ መጠን ከውጭ ገዛ። ግዥው ተፈጽሞ እንኳን መርከቦቹ ጅቡቲ ላይ ወረፋ ጠበቁ። በባሕር ላይ ያለ ስንዴ የተፈረመ ውል ነው እንጂ እንጀራ አይደለም።

ሕጉ ምን ይላል?

የፌዴራል የግዥ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 430/1997 ተጀምሮ በአዋጅ ቁጥር 649/2001 ተተካ፤ ቆይቶም አዋጅ ቁጥር 1333/2016 መጣ። ክልሎች የራሳቸው ሕግ አላቸው፤ አካሄዱ ግን ተመሳሳይ ነው። ተመራጩ ግልጽ ጨረታ ነው። ከሱ ሌላ ውስን ጨረታ አለ፣ ሁላችንም «ፕሮፎርማ» የምንለው የዋጋ ማቅረቢያ አለ፣ በመጨረሻም ከአንድ አቅራቢ በቀጥታ መግዛት አለ።

አዋጅ 649 ቀጥታ ግዥን ይፈቅድባቸው ከነበሩ ምክንያቶች አንዱ አጣዳፊ ችግር ነበር፤ ቢዘገይ በመሥሪያ ቤቱ ሥራ ላይ ከባድ ጉዳት የሚያደርስ መሆኑን የበላይ ኃላፊው ሲወስን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ማንበቡን ያቆማል። ሕጉ ግን አላቆመም። ቀጥታ ግዥ ውድድርን ለመሸሽ መዋል የለበትም ይል ነበር። የእያንዳንዱ ግዥ መዝገብ እንዲያዝ፣ ከግልጽ ጨረታ ለምን እንደተወጣም ምክንያቱ እንዲጻፍ ያዝ ነበር።

በአጭሩ፦ አደጋ ጨረታን ያስቀራል፤ መዝገብን አያስቀርም።

ይህ የኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። በኮሮና ጊዜ እንግሊዝ የሐኪም መከላከያ አልባሳትን ያለ ጨረታ ገዛች። ሕጓ ይፈቅድላታል፤ ጊዜውም ያስገድዳል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2021 ፍርድ ቤቷ የጤና ሚኒስትሩን ሕግ ጥሰዋል አለ። ጥፋቱ ያለ ጨረታ መግዛቱ አልነበረም፤ ውሎቹን በተወሰነው ጊዜ ለሕዝብ ይፋ አለማድረጉ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ባለሥልጣናት ለጠቆሟቸው አቅራቢዎች የተከፈተው ልዩ መስመር ሕገወጥ ነው ተባለ። ችኮላ ይቅር ይባላል፤ መደበቅና ማዳላት ግን ይቅር አይባልም።

ደባርቅና ዳባት፣ ከ2013 ወዲህ

አሁን ወደ መንገዳችን እንመለስ። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ሊማሊሞን ተሻግሮ መጣ። ከጠለምትና ከአዲ አርቃይ የተፈናቀለው ሕዝብ ደባርቅና ዳባት ገባ፤ ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆኑ። በነሐሴ መጨረሻ በዳባት ወረዳ፣ በጭና ተክለሃይማኖት፣ ንጹሐን በሕወሓት ታጣቂዎች ተገደሉ፤ የገበሬው እህልና ከብትም ተበላ። በወዲህ በኩል ሕዝቡ በሶና ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና በግ እያዋጣ ለወገን ጦር ስንቅ አቀረበ። በ2014 ደግሞ በዳባት አጠገብ አለምዋጭ ላይ ለኤርትራውያን ስደተኞች መጠለያ ተከፈተ።

ይህ ሳያባራ ድርቅ ተከተለ። በ2015 ክረምት ጃናሞራ፣ በየዳና ጠለምት ዝናብ ነሳቸው። ያ ወቅት የአሜሪካ ተራድኦ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በስርቆት ምክንያት በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታ ያቆሙበት ነበር፤ ከሰኔ 2015 ጀምሮ ለወራት። በሐምሌ መጨረሻ ደግሞ በክልሉ ግጭት ተነስቶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ድርቅ፣ ጦርነት፣ የተዘጋ መንገድ፣ የቆመ እርዳታ፤ አራቱም በአንድ ክረምት።

እርዳታው የቆመበትን ምክንያት ደግመን እናስበው። እህል ከመስመሩ ወጥቶ ገበያ ገብቷል ተባለ። መዝገቡ ማን ምን እንደወሰደ ማሳየት ሲያቅተው፣ የሌባው ቅጣት ወደ ተራበው ዞረ። ሰነድ የቢሮ ሰዎች ወግ ነው የሚል ሰው ይህን ያስታውስ።

እስቲ አንድ ሌሊት በሐሳብ እንሳል። ሦስት ሺህ ሰው ተፈናቅሎ በአንዲት የወረዳ ከተማ አደረ። ኃላፊው ስልክ አንስቶ ለዱቄት ነጋዴው «መቶ ኩንታል አውጣልን፣ ነገ እንከፍላለን» ይለዋል። ነጋዴው ወገኑ ነውና ያወጣል። ኃላፊው ትክክል ነው፤ ነጋዴውም ትክክል ነው። ሕጉም አብሯቸው ነው። ነገር ግን በማግስቱ ምክንያቱ በአንዲት ገጽ ካልተጻፈ፣ ዱቄቱ በሞዴል 19 ካልገባ፣ በሞዴል 22 ካልወጣ ምን ይሆናል? ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ይዘጋል። ኃላፊው ይዛወራል። አዲሱ ኃላፊ «ሰነድ የለም» ይላል፤ እሱም አልተሳሳተም፤ በሌለ ሰነድ ቢከፍል ኦዲት ይጠይቀዋል። ነጋዴው ደጅ ይጠናል።

የሚቀጥለው አደጋ ሲመጣ ያ ነጋዴ ሁለት ምርጫ አለው። አንደኛው መጋዘኑን መቆለፍ ነው። ሁለተኛው በዋጋው ላይ «የመንግሥት ዱቤ» የሚል የማይታይ ጭማሪ መጫን ነው። ሁለቱንም የሚከፍለው ተፈናቃዩ ነው። አባቶቻችን «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚሉት ይህንን ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ብዙ ገንዘብ የማይፈልጉ ሦስት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ውሉ ከአደጋው በፊት ይፈረም። የማዕቀፍ ስምምነት የሚባለው ለዚህ የተሠራ ነው። በጥጋቡ ወር፣ በግልጽ ጨረታ፣ ዱቄት አቅራቢው፣ ብርድ ልብስ አቅራቢው፣ የጭነት መኪና ባለቤቱ ይለዩ፤ የዋጋ አሠራሩ ይታወቅ። አደጋው ሲመጣ የሚቀረው ትእዛዝ መስጠት ብቻ ነው። ዮሴፍ በግብፅ አምስተኛውን እጅ ያከማቸው በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት እንጂ በሰባቱ የረሃብ ዓመታት አይደለም።

ሁለተኛ፣ ክምችቱ ወደ ደጋው ይቅረብ። ወረታ ጥሩ ነው፤ መንገድ ሲዘጋ ግን ወረታና በየዳ የተለያየ አገር ይሆናሉ። ከክረምት በፊት ወደ ደባርቅ የወጣ እህል፣ ከክረምት በኋላ ከሚገዛው እጥፍ ይበልጣል።

ሦስተኛ፣ ያለ ጨረታ የተገዛው ሁሉ ይለጠፍ። በወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ በአማርኛ፣ በአንድ ገጽ፤ ምን ተገዛ፣ ከማን፣ በስንት፣ ለምን ያለ ጨረታ፣ ተከፍሏል ወይስ አልተከፈለም። ይህ ሐቀኛውን ኃላፊም ያድነዋል። በጭንቅ ሌሊት በቅን ልቦና የወሰነ ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ኦዲተር ፊት ሲቆም የሚመሰክርለት ያ ወረቀት ብቻ ነው።

«በአደጋ ጊዜ የምን ወረቀት» የሚል አይጠፋም። ለዚህ የሚመልሰው የሰሜን ገበሬ ታሪክ ነው። በድርጎው ወረቀት አልነበረም፤ በተሰሪው ወረቀት አልነበረም፤ በኮታው ወረቀት ነበረ፣ ፍትሕ ግን አልነበረም። ጥድፊያው ሁልጊዜ እውነት ነበር። ሂሳቡ ግን ሁልጊዜ የወደቀው መንገድ ዳር ባለው ቤት ላይ ነው።

ከአደጋው በኋላ ኮሚቴ ማዋቀር ልማዳችን ሆኗል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ይህን የምታነቡ የወረዳና የዞን ሰዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ። የማዕቀፍ ስምምነታችሁ ላይ ያለው ቀን ስንት ነው? መጋዘናችሁ ውስጥ ዛሬ ስንት ኩንታል አለ? ካለፈው አደጋ ያልተከፈለ ዱቤስ? ለሦስቱ ጥያቄዎች መልስ ካላችሁ፣ የሚቀጥለው ክረምት ሲመጣ ያን ሰው በሌሊት ስትደውሉለት ስልኩን ያነሳል።