አኖቩሌሽን፦ እንቁላል ያልወጣበት ወር

ቀኑ አልፏል፤ የሽንት ምርመራው ደግሞ እርግዝና የለም ብሏል። ታዲያ ፔሬዱ የት ቀረ? ለዚህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ መልስ የሚሆነው ሐኪሞች አኖቩሌሽን የሚሉት ነገር ነው። በአማርኛ «እንቁላል አለመውጣት» ቢባል ይበቃል፤ ወሩን ለመጥራት ደግሞ «እንቁላል አልባ ዑደት»። «መምከን» የሚለውን ቃል ባናስጠጋው እመርጣለሁ። አንድ ወር እንቁላል አልወጣም ማለት ሴትየዋ መካን ናት ማለት አይደለምና።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። የዑደቱ መጀመሪያ ደም የታየበት የመጀመሪያ ቀን ነው። ከዚያ እንቁላሉ በስሎ እስኪወጣ ያለው ጊዜ ይረዝማል፣ ያጥራል። ከወጣ በኋላ ደም እስኪታይ ያለው ግን ብዙም አይነቃነቅም፤ ሁለት ሳምንት ገደማ ነው። በየ28 ቀኑ የምታይ ተማሪ እንቁላሏ የሚወጣው በ14ኛው ቀን አካባቢ ነው እንበል። የፈተና ሰሞን እንቅልፍ አጥታ፣ ምግብ እየዘለለች እንቁላሉ በ24ኛው ቀን ቢወጣ ደሙ የሚታየው በ38ኛው ቀን ነው። እሷ አሥር ቀን ዘገየብኝ ትላለች፤ የዘገየው ግን እንቁላሉ ነው። ፖስትፒል የተባለውን ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ የወሰደች ሴት ቀኗ የሚዛባባትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ መድኃኒቱ የሚሠራው እንቁላሉ እንዳይወጣ በማዘግየት ነው።

ጭራሹን ካልወጣስ? ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው እንቁላሉ ከወጣበት ቦታ ነው፤ የማህፀኑ ሽፋንም በወጉ የሚረግፈው ይህ ሆርሞን ከፍ ብሎ ሲወርድ ነው። እሱ ከሌለ ወይ ደም አይታይም፣ ወይ ሽፋኑ ሲወፍር ቆይቶ ያለ ቀኑ በብዛት ይፈሳል።

እንቁላሉ እንዲወጣ የሚያዘው ትእዛዝ የሚነሳው ከአንጎል፣ ሃይፖታላመስ ከሚባለው ክፍል ነው። ክብደት በፍጥነት ሲቀንስ፣ ስፖርት ሲበዛ፣ ሐዘን ሲጠና ትእዛዙ ይላላል። ዶርም የገባች ወይም አገር የቀየረች ሴት «ወራት አላየሁም» የምትለው ለዚህ ሊሆን ይችላል። የታይሮይድ መዛባትም አለ። ፕሮላክቲን የተባለው የወተት ሆርሞን ከፍ ማለትም እንዲሁ፤ ጡት የምታጠባ እናት የማታየው በእሱ ነው፣ ማስታወክን ለማስቆም የሚሰጠው ፕላሲልም ሊጨምረው ይችላል። ብጉርና የአገጭ ፀጉር አብረው ከመጡ ደግሞ ፒሲኦኤስ የሚባለው የሆርሞን መዛባት ይጠረጠራል።

በአገራችን ከሌሎቹ መከላከያዎች ይልቅ የሚዘወተረው የሦስት ወሩ መርፌ እንቁላሉን ሆን ብሎ ያስቀራል። ካቆሙት በኋላም ወራት ሳያዩ መቆየት የተለመደ ነው። «ደሙ ውስጥ ተጠራቅሞ ይመርዛል» የሚባለው ውሸት ነው፤ ሽፋኑ ስለሳሳ የሚጠራቀም ደም የለም።

አንዳንዴ ደግሞ ምንም አልዘገየም። ጥር 5፣ የካቲት 7፣ መጋቢት 9 ያየች ሴት «በየወሩ እየገፋ ነው» ብላ ትጨነቃለች። ወራችን 30 ቀን ስለሆነ ይህ የ32 ቀን ዑደት ነው፤ ጤናማ ነው። ለአዋቂ ሴት ከ21 እስከ 35 ቀን ያለው አያስደነግጥም፤ ፔሬድ በጀመረች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ላይ ላለች ልጅ እስከ 45 ይደርሳል።

የእርግዝና ምርመራው ቶሎ ከተደረገ ሊያሳስት ስለሚችል ከሳምንት በኋላ በጠዋት ሽንት ይደገም። ቀኗን ጠብቃ ታይ የነበረች ሴት ሦስት ወር ካላየች፣ ወይም ሳታጠባ ከጡቷ ወተት ከወጣ፣ ሐኪም ጋ ትሂድ፤ ያየችባቸውን ቀኖችና የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች ጽፋ ብትይዝ ሥራውን ያቀልላታል። ከመዘግየቱ ጋር በአንድ ጎን የሆድ ሕመም ቢጠናባት ወይም ራሷን ቢያዞራት ግን ቀጠሮ አትጠብቅ፤ ከማህፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል መድረስ አለባት።