ርስት ይከፈላል፣ ዘውድ አይከፈልም

ስለ ቀድሞው የኢትዮጵያ መኳንንት ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ማዕረግ፣ መሬትና ሥልጣን በአንድ ገመድ ታስረው ከአባት ወደ ልጅ ሲወርዱ ነው። በእንግሊዝ አገር ነገሩ በአብዛኛው እንዲህ ነበር፤ የበኩር ልጅ የአባቱን ማዕረግ ከነመሬቱ ይወርሳል፣ ታናናሾቹ ሌላ መተዳደሪያ ይፈልጋሉ። በእኛ አገር ግን ሦስቱም የየራሳቸው መንገድ ነበራቸው።

በመጀመሪያ ማዕረጉን እንመልከት። ፊታውራሪ ከፊት የሚቀድመውን ጦር፣ ቀኛዝማች የቀኙን፣ ግራዝማች የግራውን ክንፍ የሚመራ ነበር። ስሞቹ የጦር ሜዳ ስሞች ናቸውና የራስ ልጅ በመወለዱ ብቻ ራስ አይባልም፤ ከአባቱ ቤት ይዞት የሚወጣው «ልጅ» የሚለውን መጠሪያ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን የሚሰጠውም የሚነሣውም ንጉሡ ነበር። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴና ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ በልጅነታቸው በጦርነት የተማረኩ ነበሩ። ሆኖም የመጀመሪያው በ1900 ዓ.ም. የጦር ሚኒስትር፣ ሁለተኛው የሲዳሞ ገዥ ለመሆን በቅተዋል።

ይህ ለጎበዝ በር የሚከፍት ሥርዓት ዕዳም ነበረው። ሹሙ የሚኖረው በጉልት፣ ማለትም ንጉሡ በሰጠው ግብር የመሰብሰብ መብት ነው። ሹመቱ ሲነሣ ጉልቱም ይነሣል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት የዚህ ሥጋት ልጅ ነው፤ የሥጋቱን ዋጋ የሚከፍለው ግን ገበሬው ነበር።

ርስት ከዚህ ይለያል። በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ወንድም ሆነ ሴት ልጅ መሬቱን ካቀናው አባት ትውልዱን ቆጥሮ ድርሻዬን ብሎ መጠየቅ ይችል ነበር። ሙግቱ ብዙ ቢሆንም ሹም በመጣ በሄደ ቁጥር ርስቱ አይነቀልም። በደቡቡ ግን ታሪኩ ሌላ ነው። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመቻዎች በኋላ የአካባቢው ተወላጅ በገዛ መሬቱ ላይ ገባር ሆኖ ለነፍጠኛው ተደለደለ። ለንጉሣውያን ቤተሰብና ለታላላቅ መኳንንት ደግሞ ርስተ ጉልት፣ ማለት ለልጅ የሚተላለፍ ጉልት፣ ይሰጥ ነበር።

ዘውዱስ? ከሰሎሞን ዘር መወለድ ያስፈልጋል ይባል ነበር፤ ከልጆቹ የትኛው እንደሚነግሥ ግን ቁርጥ ያለ ሕግ አልነበረም። እንደ ርስቱ ሁሉ እያንዳንዱ ልጅ ድርሻ አለኝ ባይ ነው። ዳሩ ግን ርስት ይከፈላል፣ ዘውድ አይከፈልም። ስለዚህም የንጉሥ ልጆችና ወንድሞች በአምባ ግሼን፣ በጎንደር ዘመን ደግሞ በወህኒ አምባ ይታሰሩ ነበር። ዛሬ እስር ቤትን «ወህኒ» ስንል ያንን ተራራ እየጠራን ነው።

ችግሩ ወደ ሃያኛው ክፍለ ዘመንም ተሻገረ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን ወራሽ አድርገው አሳወጁ፤ በ1906 ዓ.ም. ዐረፉ። የንጉሡ ቃል ግን ከንጉሡ በኋላ ብዙ አልቆየም። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ኢያሱ ተሽረው ወይዘሮ ዘውዲቱ ነገሡ፣ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሆኑ። ነገሩን የቆረጠው በዚያው ዓመት ጥቅምት 17 ቀን የኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል የተሸነፉበት የሰገሌ ጦርነት ነው።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከነገሡ በኋላ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ባወጡት ሕገ መንግሥት ዘውዱን በራሳቸው የዘር ሐረግ አጸኑ። አልጋ ወራሹም አስፋ ወሰን ነበሩ። ይሁን እንጂ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሲወርዱ ደርግ ለሕክምና ውጭ አገር የነበሩትን አልጋ ወራሽ በስም ንጉሥ ቢላቸውም ዙፋኑ ላይ ሳይቀመጡ ቀሩ። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ታወጀ፤ ከ17 ቀናት በኋላ፣ መጋቢት 12፣ ዘውዱ ራሱ ተሻረ። ወራሹ በሕግ ሲታወቅ የሚወረሰው ጠፋ ማለት ነው።

ማዕረጉ ዛሬ በአያቶች ስም ላይ ብቻ ቀርቷል። የመሬት ነገር ግን አልቀረም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል፤ ገበሬው ለልጁ የሚያወርሰው የመጠቀም መብቱን ነው። ከሰጪው ፈቃድ የተገኘና በትውልድ የተገኘ መብት የተለያዩ መሆናቸውን ከቀድሞው ገበሬ ይበልጥ የሚያውቅ አልነበረም። የዛሬውም ገበሬ በእጁ ያለው የትኛው እንደሆነ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።