በጎን በር የገባው ሴሚኮንዳክተር

አዲስ አበባ ኦሎምፒያ አካባቢ ባሉ ቢሮዎች ውስጥ ያለው ኮምፒውተርና ስልክ ሁሉ በሴሚኮንዳክተር ይሠራል። ኢትዮጵያውያን በዚሁ ነገር ላይ ያደረጉት ምርምር ሲነሣ ግን ወሬው «ገንዘብ የለም» ተብሎ ባጭሩ ይዘጋል። መልሱ ሐሰት ባይሆንም ጎዶሎ ነው። ከሴሚኮንዳክተር የሚሠራው ትራንዚስተር በአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ የተሠራው በ1947 (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተከፈተው በ1950 ነው። የኛ ከፍተኛ ትምህርትና የሴሚኮንዳክተር ሙያ እኩዮች ናቸው ማለት ይቻላል። የምህንድስና ኮሌጁም ብዙ ሳይቆይ ተከተለ፤ ነገር ግን ለኤሌክትሪክ መሐንዲስ እንጀራው የነበረው መብራት ኃይልና ቴሌ ነው። የቆቃ ግድብ በ1960 ሲመረቅ አገር የፈለገችው ትራንስፎርመርና የስልክ መስመር የሚያውቅ ሰው ነበር። ትምህርቱ ወደ ቀጣሪው ቢያዘነብል ምን ይገርማል?

ዋናው ሴሚኮንዳክተር ሲሊኮን ራሱም ቀላል እንግዳ አይደለም፤ ቺፕ ለመሆን 1,000 ዲግሪ ሴልሲየስ ገደማ የሚግል ምድጃ፣ አቧራ የማይደርስበት ክፍል፣ የማይቋረጥ መብራት ይፈልጋል። በ1977 ግን ሳይንቲስቶቹ ሺራካዋ፣ ማክዳያርሚድና ሂገር ፕላስቲክም ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ እንደሚችል አሳዩ፤ በ2000 የኖቤል ሽልማት አገኙበት። ከዚያ ወዲህ ከተሠሩት እንዲህ ያሉ ፕላስቲኮች (ፖሊመሮች) ብዙዎቹ በፈሳሽ ይሟሟሉ፣ መስታወት ላይ ስስ ሆነው ይቀባሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስና የኬሚስትሪ መምህራን የገቡት በዚህ በር ነው። ከእነሱ አንዱ ባንቲካሰኝ ወርቃለማሁ ከስዊድኑ ኦሌ ኢንጋናስና ከሌሎች ጋር በ1993 ያሳተመው ጥናት አሉሚኒየም ፖሊፒሮል ከተባለው ፕላስቲክ ጋር ሲገጥም ድንበሩ ላይ የሚሆነውን ይመረምራል፤ ይህ የዳዮድ (ጅረትን በአንድ አቅጣጫ የሚያሳልፍ ክፍል) ጥያቄ ነው፣ ማለትም ኤሌክትሮኒክስ። ተከተል ዮሐንስ በ1998 ከኢንጋናስ ጋር ያሳተመው ሥራ ደግሞ ፖሊመርና ኤሌክትሮላይት በሚገናኙበት ቦታ ብርሃን ምን እንደሚያደርግ ያጠናል። ወንድማገኝ ማሞም ከስዊድን ባልደረቦቹ ጋር ለፀሐይ ኃይል መሰብሰቢያ የሚሆኑ አዳዲስ ፖሊመሮችን ሠርቷል።

ይህ ድህነትን በጥበብ ስም መጥራት ነው የሚል አይጠፋም። እንዲህ ባለ የፀሐይ ሴል ውስጥ ያለው የፕላስቲክ ንብር ግን ውፍረቱ 100 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሙል እንዴት እንደሚወለድና እንደሚጓዝ የሚነሣው ጥያቄም በሲሊኮን ካለው ቢከብድ እንጂ አይቀልም። ይልቅ የሚከብደው ሌላው መቃወሚያ ነው፦ ስዊድን ባትኖር ይህ ሁሉ ይኖር ነበር? እንደዚህ ላይኖር ይችላል። ኢንጋናስ ይሠራ የነበረው በስዊድኗ ሊንሾፒንግ ነው፣ የላቦራቶሪው አቅምም እዚያ ነበር። ሆኖም መምህራኑ ሙያቸውን ይዘው አዲስ አበባ ላይ አስተምረዋል፤ የምርምር ቡድን የሚቆመው ደግሞ በመሣሪያ ብቻ ሳይሆን በተማሪም ነው። እኔ ጉድለት የምለው ሌላ ነው። ፖሊመሩን የሚሠራው ሳይንቲስት አራት ኪሎ ግቢ፣ ሰርኪዩት የሚነድፈው መሐንዲስ አምስት ኪሎ ግቢ ነው፤ በመካከላቸው በእግር የሚኬድ መንገድ ብቻ አለ። የቺፕ ፋብሪካ ከመመኘታችን በፊት ዩኒቨርሲቲው ሁለቱን በአንድ ላቦራቶሪ ያስቀምጣቸው።