ሃምሳ ቁጥሩ ቤኒ

እስቲ ጠጋ በሉና የቤዝቦል ተጫዋቹን የቤኒ አግባያኒን ነገር ልተርክላችሁ። ትውልዱ ሃዋይ፣ ሆኖሉሉ ነው፤ ዘሩ ከፊሊፒንስና ከሳሞአ ይመዘዛል። የኒውዮርኩ ቡድን ሜትስ በ1993 እ.ኤ.አ. ሲመለምለው በ30ኛው ዙር ነበር። እዚያ ድረስ ወርዶ የተጠራ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ትልቁን ሊግ ሳያይ ይቀራል። ቤኒ ግን አምስት ዓመት በታችኞቹ ሊጎች ተንከራትቶ በ1998 ብቅ አለ። የማሊያው ቁጥር 50፤ ሃዋይ 50ኛዋ የአሜሪካ ግዛት ናትና።

በ2000 የውድድሩ መክፈቻ ቶኪዮ ላይ ሆነ። ቤኒ ከጉዞው መልስ ወደ ታች ሊወርድ ተቃርቦ ነበር። ከቺካጎ ከብስ ጋር አንድ ለአንድ እንደተያዙ 11ኛው ዙር ደረሰ፤ ሦስቱም ቤዞች በሯጭ ተሞልተዋል። አሰልጣኙ ቦቢ ቫለንታይን ከተጠባባቂዎች መካከል ቤኒን ጠራው። ዱላውን አነሳ፣ ኳሷን መታ፤ አጥር ተሻግራ ሄደች! በአንድ ምት አራት ነጥብ። ከዚያ በኋላ ማን ያውርደው?

አሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ። በዚያው ዓመት ኦገስት 12፣ የሜትስ ሜዳ ሺ ስታዲየም፤ ተጋጣሚው የሳን ፍራንሲስኮ ጃይንትስ። ተከላካዩ ቡድን ተራው የሚያበቃው ሦስት ሰው ሲያስወጣ ነው። ቤኒ በግራ በኩል ከፍ ብላ የመጣችውን ኳስ ቀለባት፤ ሦስተኛው ወጣ ብሎ ወደ አጥሩ ጠጋ አለና ኳሷን ለአንድ ትንሽ ልጅ በእጁ ሰጠው። ለካ የወጣው ሁለተኛው ነው! ሯጮቹ ይጋልባሉ፤ ቤኒ ደንግጦ ዞረ፣ ኳሷን ከልጁ እጅ መልሶ ወሰደና ወረወረ። ምን ዋጋ አለው፣ ሁለት ነጥብ ተቆጥሯል። ደግነቱ ሜትስ ሦስት ለሁለት አሸነፈ።

እኔ ይህን ስህተት እወደዋለሁ። ሥራዬን ጨረስኩ ሲል መጀመሪያ የታየው አጥሩ ጥግ የቆመው ልጅ ነው። ሕዝቡ ስሙን እየጠራ ይነሳለት የነበረው ለምቱ ብቻ አይመስለኝም።

ኦክቶበር 7 እነዚያው ጃይንትሶች ለጥሎ ማለፉ ተመልሰው መጡ። ከአምስት ሰዓት በላይ ተጫወቱ፤ 13ኛው ዙር ገባ፤ የተመልካቹ ጉሮሮ ደርቋል። ቤኒ አንዷን ከአጥር በላይ ላካት፤ ጨዋታው በዚያችው አለቀ። ለሻምፒዮናው ከያንኪስ ጋር ሲገጥሙ ሜትስ ያሸነፈው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው፤ በዚያም 8ኛው ዙር ላይ እኩል የነበረውን ውጤት የሰበረው የእሱ ምት ነው።

ከዚያ ወደ ኮሎራዶና ወደ ቦስተን ቡድኖች ሄደ፤ ብዙም አልቆየም። በ2004 ያው ቫለንታይን ጃፓን ሄዶ የቺባ ሎቴ ማሪንስን ሲይዝ ቤኒም ተከተለው። ቺባ ከቶኪዮ አጠገብ ናት። በ2005 ማሪንስ ከ31 ዓመት በኋላ የጃፓንን ዋንጫ አነሳ፤ ቤኒም እስከ 2009 እዚያው ተጫወተ።